የባልሽ ወጪ አልባ ትምህርት ቤት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ያ የጠመኔ ሳልሽ ለቀቀሽ? ባልሽስ፣ እማዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከደስታዬ ብዛት መቀመጥ አቅቶኝ ይህን የምጽፍልሽ መስኮቱን ተደግፌ ቆሜ ነው።

እንዳትደነግጪ እንጂ፣ ትናንት ጠዋት ትምህርት ቤትሽ ሊዘጋ ነበር።

ቢሯችን የወረዳዎቹን የትምህርት በጀት እያነጻጸረ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ለአንድ ተማሪ በዓመት ስንት እንደሚወጣ እናሰላለን። የእኔ ድርሻ የከተማዎቹ ወረዳዎች ስለነበሩ የእናንተን፣ የትውልድ ወረዳችንን ስሌት ያየሁት ገና በስብሰባው ላይ ነው። አለቃችን ግድግዳው ላይ የበራውን ሠንጠረዥ በእስክሪብቶ እየነካኩ፣ «ይሄ የጠዋቱ ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ የሚያወጣው ከሁሉም ይበልጣል፤ አባካኝ ነው። የከሰዓቱን እዩት! ያለምንም በጀት ያንኑ ያህል ልጅ ያስተምራል። የጠዋቱ ይዘጋና ልጆቹ ወደዚያ ይዛወሩ» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል?» ቢሉኝ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱ እኮ አንድ ግቢ ናቸው! የጠዋቱን ፈረቃ እህቴ ትመራዋለች፣ የከሰዓቱን ባሏ» አልኳቸው። ለካ የተማሪ ቁጥር በየፈረቃችሁ ለየብቻ ስትልኩ፣ ባልደረባዬ ሁለት ትምህርት ቤት አድርጎ መዝግቧችኋል። በጀቱ የሚመጣው በአንቺ በኩል ብቻ ስለሆነ አንቺ አባካኝ፣ ባልሽ በነፃ የሚያስተምር ጀግና ሆናችሁ አረፋችሁት!

«ለእህቷ አድልታ ነው» ብሎ ያጉረመረመም አልጠፋም። እኔ ግን እዚሁ ፊታችሁ ይሰላ ብዬ ድርቅ አልኩ። የሁለቱ ፈረቃ ልጆች ተደምረው ሲሰላ፣ የአንዱ ልጅ ድርሻ ወርዶ ወርዶ ከሁሉም ወረዳ ትምህርት ቤቶች መጨረሻ ላይ ቁጭ አለ። አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልንዘጋ የነበረው የተጎዳውን ነው እንዴ?» አሉ። ወዲያው የመዝጋቱ ሐሳብ ተሰረዘ፤ ከሰዓት ላይ ደግሞ ተጨማሪ ክፍሎች እንዲሠሩላችሁ ፈረሙ። ቦታውን የሚለካው መሐንዲስ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጆቹን በየተራ እቀፊልኝ፤ ትንሿ እንዳትቀየመኝ ሁለቴ። ለባልሽም ሰላምታዬ ይድረሰው። ክፍሎቹ ሲያልቁ ፈረቃው ስለሚቀር፣ እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ በር ላይ ብቻ የምትተላለፉት ሰዎች ምሳ አብራችሁ ልትበሉ ነው። ምን እንደምታወሩ ከአሁኑ አስቡበት!

ታናሽሽ
ከትምህርት ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ ግንቦት 11 ቀን