ቆጫ አስፋልቱን ተሻገረች

የኔ እናት፣ እማዬ፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ባለፈው ዓመት ልጽፍልሽ ተነስቼ ነበር፤ ግን የምነግርሽ ሁሉ «ጀመርኩ፣ ጀመርኩ» ብቻ ሆነብኝና ተውኩት። አንቺ የእኔን መጀመር ጠግበሽዋል፤ «ስትጨርሺ ንገሪኝ» ነበር የምትይኝ። አሁን ልነግርሽ እችላለሁ። ቆጫ ከግቢ ወጣች። ተጭና አይደለም፣ ተቆራርጣም አይደለም፤ ሞተሯን አስነስታ፣ በገዛ ሰንሰለቷ፣ እኔን ተሸክማ ወጣች።

ይህን ደብዳቤ በመጪው እሁድ ለዕድራችን ሰዎች ጮክ ብዬ ላነብላቸው ቃል ገብቻለሁ። በእጃቸው ያወጧትን ማሽን ታሪኳን ሊያውቁ ይፈልጋሉ፤ መብታቸውም ነው። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውንም ከመጀመሪያው ባወራ ታገሽኝ።

ቆጫ በኦሮምኛ ኤሊ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት በሊሙ በኩል አንቺ ትሠሪበት የነበረው የቡና እርሻ ሠራተኞች ናቸው። ድሮ ወታደር ቤት ሳለች መድፍ ትጎትት ነበር አሉ። እርሻው ሲረከባት ሥራዋ ክረምት ላይ ጭቃ የሚውጣቸውን የቡና መኪኖች መጎተት ሆነ። ጎማ የላትም፤ እንደ ዶዘር በብረት ሰንሰለት ነው የምትሄደው፤ ሌላው መኪና በሚሰምጥበት እሷ ደረቅ መሬት እንዳገኘ ሰው ትራመዳለች። አንቺ የመለዋወጫ መጋዘኑ ኃላፊ ነበርሽ። አንድ ክረምት ሾፌሯን ወባ ጣለው። የሠራተኛውን ቀለብ የጫነ መኪና ከወንዙ ማዶ ተቀርቅሮ ሰው ሁሉ ሾፌር ፍለጋ ሲራወጥ፣ አንቺ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ወጣሽባትና ነዳሻት። መኪናውን ከነቀለቡ ጎትተሽ አመጣሽው። ሥራ አስኪያጁ «ያልተፈቀደ ንብረት ነድተሻል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠሽ። ይህን ስታወሪ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ቀለቡን ግን እሱም በላ።»

እርሻው አሮጌ ንብረቱን ሲያስወግድ ማንም ያልፈለጋትን ቆጫን በቁራጭ ብረት ጨረታ ገዝተሽ፣ በሎቤድ ተሳቢ አስጭነሽ በቾ ቦሬ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ አስቀመጥሻት። እኔ ያኔ ገና ፊደል ቆጥሬ መጨረሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባጃጅ ሾፌሮች ቤታችንን «ታንክ ቤት» ይሉታል። አንቺም በየጊዜው «ታንክ አይደለችም፣ ጎታች ናት፤ ሰው ገድላ አታውቅም» እያልሽ ታርሚያቸው ነበር። ማን ሰምቶሽ። ዛሬም «ታንክ ቤት ወራጅ» ነው የሚባለው።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያንን የተጣፈ ሱሪሽን ለብሰሽ ከሥሯ ትገቢያለሽ። አንቺ ዝገት ትፍቂያለሽ፣ እኔ መፍቻ አቀብላለሁ። ጎረቤቶች በአጥር እያዩ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እሁድ እሁድ ዘመድ ይጠይቃል» ሲሉሽ «እኔስ ምን እያደረግኩ ነው?» ትያቸው ነበር። እሷን በአማርኛ አታናግሪያትም። «ካኢ፣ ቆጫ ኮ» ትያታለሽ፤ ተነሺ፣ የኔ ኤሊ። አትነሳም። አንቺም አይከፋሽም፤ ለሳምንቱ ትቀጥሪያታለሽ። ምኞትሽ ትልቅ አልነበረም። አንዴ ብቻ፣ እየነዳሽ፣ ከበሩ መውጣት። ሕመሙ ቀደመሽ።

ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። ወንድምሽ ጋሼ ብርሃኑ ጡረታ ወጥተው ከእኔ ጋር ገብተዋል፤ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ነው። ሳሎኑን ሰማያዊ ቀቡት። ብታይው ኖሮ ለሳምንት አታናግሪያቸውም ነበር። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪገነጠል አፈራ። እኔም ተመረቅኩ፣ በስታቲስቲክስ። የምረቃ ፎቶዬ ላይ ጋዋኑ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሬ ውስጥ ግን ግራሶ አለ። ሥራ አመልክቻለሁ፣ አዲስ አበባ ሄጄም ተፈትኛለሁ። እስኪጠሩኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግን አልችልበትም፤ ታውቂኛለሽ፣ ወንበር ያቃጥለኛል። ስለዚህ ያንቺን እሁድ ወሰድኩና ሰኞም ማክሰኞም አደረግኩት።

የናፍጣ ፖምፓዋን ፈትቼ አጸዳሁ። የተበላውን ዘንግ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀረጽኩ። የቀረውን ከስልኬ ተማርኩ። እሷ በተሠራችበት አገር ያሉ ሽማግሌዎች የእሷን ዓይነት ሲጠግኑ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አሉ። ቋንቋቸውን አልሰማም፣ እጃቸውን ግን እሰማለሁ። ፋሲካ አለፍ እንዳለ ሞተሯ ተነሳ። እማዬ፣ ተነሳች። የለቀቀችው ጭስ ጎረቤት ያሰጣውን ልብስ ሁሉ አጠቆረው። የሰፈሩን አንሶላ ተቀብዬ እንደገና አጠብኩ፤ እየዘፈንኩ ነው ያጠብኩት።

መነሳት ግን መሄድ አይደለም። ፍሪሲዮኗ ተጣብቆ ስታገለው ክረምት ገባ። በዚሁ መሐል በቤታችን ፊት ያለው አስፋልት ሊሰፋ ነው፣ አጥራችንም ወደ ውስጥ ይገባል ተባለ። ቆጫ የቆመችው ልክ በሚወሰደው መሬት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚበቃት ቦታ የለም። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ሐጂ ጀማል «የኔ ባዶ ቦታ ምን ይሠራል? ፍየል ነው የሚውልበት። እዚያ ትቁም» አሉኝ። በክሬን እንዳናነሳት ከበራችን በላይ የመብራት ሽቦ አለ። በመኪና ትጎተት እንዳንል፣ እሷን የሚጎትት መኪና ቢኖር ኖሮ እሷ ለምን ተፈጠረች?

ጋሼ ብርሃኑ አንድ ቀን አስቀምጠው አነጋገሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «ልጄ፣ ብረት ጠልቼ አይደለም» አሉ። «እህቴን ቀብሬያለሁ። አንቺ ደግሞ በቁምሽ እዚህ ብረት ሥር ስትቀበሪ ቆሜ አላይም።» ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ ብረት ቆራጮች እንደሚመጡ ነገሩኝ። እስከዚያ በራሷ ከወጣች ግን ሁለተኛ ስለ እሷ አይናገሩም። ቃላቸው እንደሆነ ቃል ነው፤ አንቺ ነሽ ያሳደግሻቸው።

ፍሪሲዮኗ በመጨረሻ ተላቀቀ፤ ቆራጮቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ፣ ልናወጣት ተነሳን። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ግቢውን ሊጥ አድርጎታል። የሰፈሩ ሰው በደግነት ከቡና መፈልፈያው በጆንያ በጆንያ ገለፈት እያመጣ ከሰንሰለቷ ሥር ይነሰንስ ጀመር። ለተቀረቀረ ባጃጅ የማያዳግም መድኃኒት ነው፤ እኔም «ጨምሩ፣ ጨምሩ» አልኩ። አስነሳኋት፣ ማርሽ አስገባሁ። ገለፈቱ ከጭቃው ጋር ተለውሶ፣ ሰንሰለቱን በሚነዳው ባለ ጥርስ መንኮራኩር ውስጥ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ተጠቀጠቀ። የግራው ሰንሰለት ቀስ እያለ ወደ ውጭ ወጣና ከመንኮራኩሮቹ ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተኛ። ጎሚስታው ኑሬ ጎንበስ ብሎ አየና «በቃ፣ ኤሊዋ ጫማዋን አወለቀች» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከሰዓት በኋላ ከቆራጮቹ አንዱ ሊያያት መጣ፤ በመዶሻ መታ መታ አደረጋትና «ይቺማ ስንት ድስት ይወጣታል» ብሎ ሄደ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ማታ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ያ ሰንሰለት ከመሬት ለመነሳት የሰፈር ሰው ሁሉ ይፈልጋል፤ ሰፈሩ ደግሞ ስቆ ሄዷል።

እሁድ ጠዋት ግን የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ወጣ። ጥሩምባ ነፊውን የላኩት ሐጂ ጀማል ኖረዋል። በራችን ላይ ቆመው «ማንም አልሞተም፤ ነገ ልትሞት ያለች አለች። ከሞተች በኋላ ከምንሰበሰብ ዛሬ እናውጣት» አሉ። አንዳንዱ በከንቱ አስደነገጡን ብሎ አጉረመረመ። አንዱማ «ሐጂ፣ ጥሩምባ መቀለጃ ሆነ?» አላቸው። «ቀብር ስትመጣ ሁለት ሰዓት ትቆማለህ፤ ለዚህ አንድ ሰዓት ቁም» አሉት። ቆመ። ሁሉም ቆመ።

እማዬ፣ ደቦ ለአጨዳ ነው የማውቀው፤ ለሰንሰለት ደቦ የወጣው የኛ ሰፈር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሴቶቹ በዱላና በቢላዋ ገለፈቱን ከጥርሶቹ መሐል ፈለቀቁ። ኑሬ በክሪክ ጎኗን አነሳ። የሰንሰለቱን ማያያዣ ፒን አውጥተን ሰንሰለቱን ከፊቷ ዘረጋነው፤ ጫፉን በገመድ አስረን በመንኮራኩሮቹ ላይ አሳለፍነውና ሐጂ «ሃርኪሳ» ሲሉ ሁሉም ይስባል፣ ዝም ሲሉ ሁሉም ይተነፍሳል። በአማርኛም በኦሮምኛም የሚቀበል አለ፤ የመድኃኔዓለም ማኅበርተኞች አንዱን ገመድ፣ የመስጊዱ ልጆች ሌላውን ይዘው ማን ደከመ እየተባባሉ ይሰዳደባሉ። ፒኑ ቦታው ገብቶ ኑሬ በመዶሻ ሲያሳርፈው ደወል የተደወለ መሰለኝ።

የቀረው አስፋልቱ ነበር። የብረት ሰንሰለት አስፋልት ላይ ከወጣ ያርሰዋል፤ ያን ማድረግ አይሆንም። ኑሬ ሱቁ ውስጥ ያለውን ያረጀ ጎማ ሁሉ አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎማ ከፊቷ ታነጥፊያለሽ፣ ትረግጠዋለች፣ ካለፈችበት ደግሞ ከኋላ እየለቀምሽ ሮጠሽ ከፊት ታነጥፊያለሽ። መንገዱ ከሁለቱም ወገን ተዘጋ። ባጃጆች ጥሩምባ ሲነፉ ነበር፤ ኋላ ሾፌሮቹም ወርደው ጎማ መሸከም ጀመሩ።

እኔ ውስጥ ነኝ። ሁለቱን ማንሻ ይዣለሁ፤ ፊቴ ያለው መስኮት ከመጽሐፍ አይበልጥም። የማየው ሐጂ ጀማልን ብቻ ነው፤ ጀርባቸውን ወደ ማዶ ሰጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው «ነይ፣ ነይ፣ ቀስ፣ ነይ» እያሉ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። በሩን አለፍኩ። እማዬ፣ በሩን አለፍኩ። እዚያ ላይ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ ሳቅ ነው የመጣብኝ። ብቻዬን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ፣ እንደ እብድ ሳቅኩ።

መሐል ላይ አንድ ጎማ ከቀኝ ሰንሰለት ሥር ተስፈንጥሮ ወጣ። ሐጂ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቁሚ» አሉ። ቆምኩ። ኋላ እንደነገሩኝ የብረቱ ጥርስ ከአስፋልቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ጎማ የያዙት ሁሉ በግራ በኩል ነበሩ። ያኔ ጠዋቱን ሙሉ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው የቆሙት ጋሼ ብርሃኑ በመስኮቴ ፊት ሲሮጡ አየኋቸው። የቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ጭቃ ያለበትን የኢሱዙ ጎማ ደረታቸው ላይ አቅፈው። ጎማውን ከሰንሰለቱ ፊት ጣሉና በእግራቸው ገፍተው አስተካከሉት። ከዚያ ቀና ብለው በመስኮቷ በኩል አዩኝ። ምን እንዳሉ በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁም። እጃቸው ግን «ነይ» ይላል።

ሄድኩ። ማዶ ስደርስና አፈሩን ስትረግጥ፣ የሐጂ ፍየሎች ተበታተኑ፣ ሰው ደግሞ ተሰበሰበ። አስፋልቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። ጋሼ ብርሃኑ ለቆራጮቹ እዚያው ስልክ ደወሉ። «ሰኞ አትምጡ። አዎ። አይ፣ የሚቆረጥ የለም» ብለው ዘጉ። ነጭ ልብሳቸው ላይ የጎማው ክብ ታትሟል፤ እስካሁን አላሳጠቡትም፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳዩት ነው።

ከዚያ ወዲህ ክርክር ላይ ነን፤ ፊቷ ላይ ምን ይጻፍ? ያለ ጽሑፍ መኪና መኪና አይደለም። ኑሬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሁን አለ። ሐጂ «ማሻአላህ» ይበቃል አሉ። ጋሼ ብርሃኑ ማንንም ሳያማክሩ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ተሻገሩና ግንባሯ ላይ በትልልቁ «አትሸጥም» ብለው ጻፉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

በጌራ በኩል ቡና ማጠቢያ ያላቸው ሰውዬ መጥተው አይተዋት ሄደዋል። ቀይ እሸት የጫነ መኪና ጭቃ ላይ ሲያድር ቡናው ይበላሻል፤ ለመጪው ለቀማ ትመጣለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትመጣለች አልኳቸው፣ ከነሾፌሯ። አዲስ አበባም ቢጠሩኝ እሄዳለሁ፤ አልዋሽሽም፣ ልሄድ እፈልጋለሁ። ለቀማና ክረምት ሲሆን ግን እዚህ ነኝ።

ያንቺን ስም ውጭ አልጻፍኩትም። ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ ማንሻ በላይ፣ ነጂው ብቻ በሚያየው ቦታ፣ ብረቱን በስል ብረት ጭሬ። ቀለም ቢደርብበትም አይጠፋም። ከእንግዲህ እሷን ሊነዳ የሚቀመጥ ሁሉ፣ እኔም ብሆን፣ ሌላም ቢሆን፣ ማንሻውን ከመንካቱ በፊት አንቺን ያነባል። ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ እነግረዋለሁ፤ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ሁሉንም፣ ከቀለቡ ጀምሬ።

ልጅሽ
ሰናይት