ሻይ ላመጣችው ሴት ስማቸውን ያካፈሉት ወ/ሮ ዓለምጌጥ ታዲዮስ

ወ/ሮ ዓለምጌጥ ታዲዮስ ከአባታቸው ከአቶ ታዲዮስ ነጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርነሽ ወልደ ሥላሴ በየካቲት ወር 1940 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ስለነበሩ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ፊልም ማየት ጀመሩ።

በልጅነታቸው፣ ባርኔጣ የደፋ መርማሪ ገዳይ ፍለጋ የሚዞርበት አንድ የአሜሪካ ፊልም መጣ። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መካከል አንዲት ጥቁር ሴት ሻይ ይዛ ገባች፣ "እሺ እመቤቴ" ብላ ወጣች። መልኳ ቁርጥ አክስታቸውን ነበር። ማን እንደምትባል አባታቸውን ሲጠይቁ፣ "መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ ጠብቂ" አሏቸው። ጠበቁ። የተዋንያኑ ስም አለፈ፤ በፊልሙ የታየው ውሻ ስም እንኳ ተጻፈ፤ የእሷ ግን የለም። ይህ መርሳት አልነበረም። ውሻ ያስታወሰ እጅ ሰው አይረሳም።

ትምህርታቸውን በድሬዳዋ ተከታትለው ከሐረር በነርስነት ተመረቁ። በ1964 ዓ.ም. ከአቶ ዘርትሁን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሊድያንና ባርናባስን ወለዱ። በደርግ ዘመን በጅቡቲ በኩል ተሰደው በ1976 ዓ.ም. ዳላስ ገቡ። ዲፕሎማቸውን የሚቀበል ስላልተገኘ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየቤቱ አዛውንት እያጠቡና እያጎረሱ ሠሩ። ዓመታት ተንከባክበዋቸው፣ የእሳቸውን ስም አንድ ቀን ሳይጠይቁ የሞቱ አሉ። እሳቸው ግን የሁሉንም ስም እስከ መጨረሻው ያስታውሱ ነበር።

ዳላስ አጠገብ ባለችው በሳክሲ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ የወንጀል ምርመራ ፊልም ይከፈታል። ሕግም ነበራቸው፦ በሩን ማን እንደከፈተ፣ ሻዩን ማን እንዳቀረበ ያላስተዋለ ሰው ገዳዩን መገመት አይፈቀድለትም። የልጅ ልጃቸው ኤልሮኢ "ኦኬ እማማ፣ ሶ ገዳዩ ማነው?" ሲላቸው፣ "አንተ ችኩል! ሠራተኛዋን ጠይቃት እንጂ! ደም የነካውን ሸሚዝ ያጠበችው እሷ አይደለችም? እነዚህ ሞኞች እሷን ቢጠይቁ ኖሮ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፊልሙ ያልቅ ነበር" ይሉት ነበር።

ስለዚያች ሴት ስም አለመጻፍ ሲነሳ "ዘመኑ ነው" እያለ ሊያስታርቅ የሚሞክር እንግዳ አይጠፋም። ዘመን እጅ የለውም፤ ስም አይፍቅም። የፋቀው ሰው ነው።

አምና የልጅ ልጃቸው ሮሆቦት ያንን የልጅነታቸውን ፊልም ፈልጋ አገኘችላቸው። ሴትዮዋ ሻይዋን ይዛ ስትገባ ወ/ሮ ዓለምጌጥ ከሶፋው ብድግ አሉ፤ ለእንግዳ እንደሚነሳ ሰው። ስሟን ግን ሮሆቦት ወራት ፈልጋ አላገኘችውም።

በአሜሪካው የበጋ ወራት ታመው ሕመሙ ጸናባቸው። ቀሲስ ኤልዳድ ሊጠይቋቸው ሆስፒታል ሲመጡ፣ ለራሳቸው ምንም ሳይለምኑ፣ ያቺ ሴት በጸሎት እንድትታሰብላቸው ጠየቁ።

"የክርስትና ስሟን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጥራት፣ እናቴ?" አሉ ቀሲስ።

"እንግዲያው የእኔን እንካፈላለን፣ አባቴ። አመተ ማርያም ይበሉልን። ለሁለት አያንስም።"

ቀሲስ መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

ወ/ሮ ዓለምጌጥ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አረፉ። አቶ ዘርትሁን ቀድመዋቸዋል። ልጆቻቸው ሊድያና ባርናባስ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሮሆቦትና ኤልሮኢ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፋቸው ላይ ተደርድረን ገዳዩን ስንገምት የኖርን ዘመዶችና ጎረቤቶች ያለ እሳቸው ቀርተናል።

ዛሬ በፍትሐቱ "አመተ ማርያም" ተብሎ ሲጠራ የምትሰሙ ሁሉ፣ የተጠሩት ሁለት ሴቶች መሆናቸውን ዕወቁ። እግዚአብሔር የሁለቱንም ነፍስ፣ ስም በማይፋቅበት ቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።