የጠፋው እሳትና ሠላሳ አንደኛው ገጽ

ጥቅምት 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ቁጭ በይ ስትባል ግን እንደ ልማዷ ትነሳለች። ብርዱ ገባ ካልሽን ወዲህ ካልሲ ስትገዛልሽ ነው የምትውለው። መከልከል አልቻልኩም።

የምጽፍልሽ ስለ እሳቱ ነው። የነዳጅ ማጣሪያችን ማማ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሲነድ የኖረው የጋዝ እሳት ሰኔ ላይ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ፣ «ከእንግዲህ ጋዙን በከንቱ አናቃጥለውም። በኮምፕረሰር ጨምቀን የእንፋሎት ቦይለሮቹን እናነድድበታለን፤ የተረፈውን እንሸጣለን። አየሩም ይጸዳል፣ ድርጅቱም ያተርፋል» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ እንጂ ልቤ ግን አላጨበጨበም። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ በሩን ቆልፎ ከወጣ በኋላ መቆለፉን ለማየት ሁለቴ የሚመለስ ሰው ነው።

ቀጥሎ ይህ ዕቅድ የተመሠረተበትን የጥናት መጽሐፍ አደሉን። ሽፋኑ ላይ ከሰፈሩት ሦስት ስሞች አንዱ ያንቺ ነው። «አፍንጫ» የምንለው በያጅ፣ ጋዝ ከመሣሪያ ቀድሞ የሚሸተው፣ «ልጅህ እኮ ናት!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ። የዚያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

ይኸው አፍንጫ ነው አንድ ሐሙስ ከምሳ በፊት መጥቶ፣ «ከስድስተኛው ማጠራቀሚያ ጀርባ ሂድና አሽት» ያለኝ። ጋዝ መለካት ሥራዬ አይደል፣ መለኪያውን ይዤ ሄድኩ። ገና ሳልደርስ ይጮህ ጀመር። ሣሩ መሐል ቀለሙ በቅጡ ያልደረቀ ቀጭን ቧንቧ አገኘሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኮምፕረሰሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጋዙን ሁሉ አይችለውም። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሳያቃጥሉ፣ ሰው በማያየው በኩል ይለቁታል። እሳት ቢሆን ይታይ ነበር። እንዲህ ሲለቀቅ ግን ሲቃጠል ከነበረው ይልቅ አየሩን ይጎዳል፤ አንዲት ፍንጣሪ ብታገኘው ደግሞ ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«ለጊዜው ነው። ጥናቱ ላይም ተጽፏል» አለኝ።

«የቱ ጋ?»

«ልጅህን ጠይቃት እንጂ፤ የፈረመችው እሷ ናት። ወይስ ልታዋርዳት ፈለግህ?»

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አነበብኩት። ከሠላሳ ወደ ሠላሳ ሁለት ይዘላል። የአፍንጫንም ቅጂ አየሁ፤ እንደዚያው ነው።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። አንድ ኮምፕረሰር አይበቃም ብለሽ ጽፈሽ፣ ገጹን ያወጡት እነሱ ይሆኑ? ወይስ መጀመሪያውኑ አንቺም ተስማምተሽ... እናትሽ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ጥርሴን አሞኝ ነው እላለሁ። በአራተኛው ቀን የለካሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ፈርሜም ለአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ሰጠሁ።

መጡ። ቧንቧውን አሸጉት። ድርጅቱ ሳይወድ በግድ ሁለተኛ ኮምፕረሰር አስተከለ፤ ማማው ላይም ለድንገተኛ ጊዜ የምትጠብቅ ትንሽ እሳት በራች። የሚገርምሽ፣ በየሣሩ ሲበተን የነበረው ጋዝ አሁን ገዢ አግኝቶ ድርጅቱ ከበፊቱ የበለጠ አተረፈ። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው «ድሮም የኔ ሐሳብ ነበር» ይላል። እኔን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረውኛል፤ ብሎን አድላለሁ። ለእናትሽ ዕድገት ነው ብያታለሁ።

ተቆጣጣሪዎቹ ጥናቱን የፈረሙትን ሁሉ ሊጠይቁ ነው። አንቺም ጋ መደወላቸው አይቀርም። እንዳለ ንገሪያቸው፤ ስለ እኔ አትጨነቂ። ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ጽፈሽው ከሆነ ቅጂው አይጠፋሽምና ላኪልኝ።

በየእሁዱ ስንደዋወል ስለ ብርዱ ብቻ ሳወራሽ ከርሜ ይህን በደብዳቤ ማድረጌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስትደብቂኝ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ልሰማው አልደፈርኩም።

ባለሽበት ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ከሰው ፊት ቀና ብለሽ የምትቆሚበት ሥራ ይስጥሽ።

ምንም ቢሆን፣
አባትሽ