ውጭ ያደረ እንግዳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ድንኳኑ ሳሎን ውስጥ ሲተከል እንዲህ አላስቸገረም ነበር። እዚህ አንዱን ጥግ ስይዝ ነፋሱ ሌላውን ይነጥቀኛል። ከብዙ ትግል በኋላ ቆመ። ከጎርፍ መውረጃው ርቄያለሁ፤ ከበጎች መሄጃም። የተከልኩት ሣር ላይ ሳይሆን ሣር ያልበቀለበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ግን ዙሪያዬን ከቦኛል፤ ደርቋል፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንሿሿል።

ልጄ ሰናይት ቱሪዝም ተምራ ከተመረቀች ጀምሮ ሞላሌ ቤታችን ቁጭ ብላለች። ብቻቸውን በእግር የሚጓዙ ሰዎችን እዚህ ደጋ ላይ በድንኳን ማሳደር ነው ሐሳቧ። ጓሳው የመንደሩ የጋራ ሀብት ነው። ለዓመታት ይዘጋና በስምምነት ይከፈታል፤ ያኔ እያንዳንዱ ቤት ለጣራውና ለገመዱ ድርሻውን ያጭዳል። እስከዚያው እሳት ማስገባትም ሆነ ሣር መንቀል ክልክል ነው። ሽማግሌዎቹ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳምንት ያህል ይደርና ጉዳቱን እንይ አሏት። ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ካልፈቀዱ ቤይሩት ትሄዳለች፣ የሰው ቤት ልትሠራ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

የሣሩ ጠባቂ ሸዋንግዛው ድንኳኑን ዞሮ ዞሮ አየው። "መምህር፣ ጅቡ ይሄን ጨርቅ አንኳኩቶ የሚገባ መስሎዎት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ምግብ አጠገቤ እንደማላሳድር አሳየሁት። በሶዬን ጣሳ ውስጥ ዘግቼ፣ ራቅ ካለ ቋጥኝ ሥር በድንጋይ ከድኜዋለሁ። ራሱን ነቀነቀ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ውርጩ ውጭ ብቻ አልነበረም። ትንፋሼ ጨርቁ ላይ ረግቶ አደረ። ጣቶቼ ብዕር እስኪይዙ ፀሐይ ጠበቅሁ።

የዛሬ ሥራ። ውሃ ሸዋንግዛው ቤት አፍልቼ አመጣሁ። ለመጸዳጃ ከምንጩ ርቄ ቆፈርኩ፣ መልሼ ደፈንኩ። የላስቲክ ቁራጭ ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የእኔ ያልሆነውንም አንስቻለሁ። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ የት እንዳለሁ ለሰናይት ነገርኳት። ድምፄ ከጠፋ ለሸዋንግዛው ትደውላለች። ጊዜው ጥሩ ስላልሆነ ለቀበሌውም አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሌላው ቢቀር ይህን መተው የለበትም።

ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና ማን እንደሞተ በዝግታ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም፣ የማድርበት ነው አልኳት። ይበልጥ አዘነች። ልጅ የለዎትም ወይ አለችኝ።

ከታች ያለው ቤት የወይዘሮ በላይነሽ ነው። ባላቸው ሞተዋል። ጣራቸው አርጅቶ ስለሚያፈስ የጓሳውን መከፈት ይጠብቃሉ። ሲመሽ እቤት ይግቡ ብለው መጡ። ሙከራ መሆኑን፣ ሽማግሌዎቹም ማወቃቸውን አስረዳሁ። እንደ ሰነፍ ተማሪ እያዩኝ ሰሙኝ።

"ቤቴ እዚህ እያለ እርስዎ ድንጋይ ላይ ሲንቀጠቀጡ ሰው ምን ይለኛል? በላይነሽ እንግዳ መለሰች ነው የሚለኝ።"

አልሄድኩም። ተቀይመው ወረዱ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ነው የምጽፈው። 

ፀሐይ ስትጠልቅ ወይዘሮ በላይነሽ በገል ፍም ይዘው መጡ። እቤት አልገባም ካሉ እሳቱ ይምጣልዎ ብለው ከድንኳኑ ደጃፍ አስቀመጡት። ወዲያው ይመለስ ማለት ነበረብኝ። ደንቡን ለሌላው የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን በሁለት ሌሊት ውርጭ የደረቀው እጄ ራሱ ተዘረጋ። ሞቅኩ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ከዚያ ይውሰዱት ብዬ አፌን ስከፍት ነፋሱ መጣ።

ፍሙ ሣሩ ላይ ተበተነ። ጓሳ ሲነድ ድምፅ አለው። እኔ በጋቢዬ፣ እሳቸው በቀሚሳቸው መታነው። የመጠጥ ውሃዬን በሙሉ ደፋሁበት። ሸዋንግዛው ጭሱን አይቶ ሮጦ ባይደርስ ተረተሩ በሙሉ ይሄድ ነበር። ጠፋ።

አንድ አውድማ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሸዋንግዛው በጠዋት መጣ። የተቃጠለውን ዳር ዳር በእግሩ እየነካ ዞረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መንገደኛ የጣለው ሲጋራ ነው ልበል ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩት። የማያውቁት ሰው ከተወነጀለ ከእንግዲህ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ይጠረጠራል። ልጄ ልታመጣቸው የምትፈልገው ደግሞ መንገደኞችን ነው።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እሳት ያስገባ ሰው ጓሳው ሲከፈት ድርሻውን ያጣል። የወይዘሮ በላይነሽን ጣራ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።

እሳቸው ዛሬ አልመጡም። እኔም አልወረድኩም። ለሰናይት ደህና ነኝ አልኳት፤ እውነት ነው፣ ደህና ነኝ። ሌላውን፣ ነገ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ሸንጎ ካለቀ በኋላ እነግራታለሁ።



ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ሸንጎው የተቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ዘውዴ እሳቱ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። እኔ የተዘጋጀሁትን ተናገርኩ። የተነሳው ከድንኳኔ ደጃፍ ነው፣ ድንኳኑ የእኔ ነው፣ ኃላፊው እኔ ነኝ። የማንንም ስም አላነሳሁም። ክብሪት በኪስዎ ነበር ወይ አሉኝ። ድንኳኑ የእኔ ነው ብዬ ደገምኩ።

ወይዘሮ በላይነሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሱ።

"መምህር ውሸት አይሆንላቸውም፤ አታስጨንቋቸው። እሳቱ የኔ ነው። ሽማግሌ ሰው በውርጭ ሲደርቅ እያየሁ ምን ብዬ ልተኛ?"

ሳቅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው ለስላሳ ስለነበር ተስፋ አደረግሁ። ማድረግ አልነበረብኝም።

"ለእንግዳ እሳት የወሰደ አይቀጣም" አሉ ጋሽ ዘውዴ። "ጥፋቱ የኛ ነው፣ ሰው ሜዳ ላይ እንዲያድር የፈቀድን። ከዛሬ ጀምሮ ድንኳን ጓሳው ላይ አይተከልም። ለመሸበት ሰው ቤት አለን፣ ገብቶ ይደር።"

ተነሳሁ። መንገደኞቹ በየቤቱ እያደሩ ቢከፍሉስ፣ ልጄም ብታስተናግድ አልኩ። ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው ይህ ሆነ። እንግዳ አሳድሮ ዋጋ መቀበል! ከኋላዬ አንድ ሰው ምራቁን እንትፍ ሲል ሰማሁ። ጋሽ ዘውዴ በትዕግሥት፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ይህን ከእርስዎ አንጠብቅም አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ክፉ ሰው ቢኖር እከራከረው ነበር። ሁሉም ደግ ናቸው፤ በሩ የተዘጋብን በደግነታቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ትናንት ወይዘሮ በላይነሽ ቤት አደርኩ። መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈውልኝ ሳልነቃ ነጋ። እንቅልፉ እንዲህ መጣፈጡ አሳፈረኝ።

ጠዋት ድንኳኑን ነቀልኩ። ከድንጋዩ ዳር አፈሩ ላይ የሰካኋቸውን ካስማዎች ቆጥሬ አነሳሁ፣ ቀዳዳዎቹን በእግሬ ደፈንኩ። ድንኳኑ የቆመበት ቦታ ምንም አይታወቅም። አንድ ሰው ብቻውን ጠንቅቆ ቢያድር ይህችን ምድር እንደማይጎዳ ማሳየት ፈልጌ ነበር፤ አሳይቻለሁ። አጠገቡ ያለው ጥቁር ቦታ ግን ከሩቅ ይታያል።

ኮረብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ለሰናይት ከፍሙ ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳት፤ እጄን መዘርጋቴንም፣ ሐሙስ ዕለት አለመናገሬንም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወይዘሮ በላይነሽ እጃቸው ተቃጥሎ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ቀሚሳቸው ነው፣ እሳቸው ደህና ናቸው አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራሁ።

"አለሁ አባዬ" አለች። "እዚያው ይቆዩኝ። ነገ እመጣለሁ።"

ሽማግሌዎቹን ልትለምን ይሁን እኔን ልትሰናበት አልጠየቅኳትም።