ሊቀ መንበሩ ሐሙስ ዕለት በእጃቸው ስለያዟት ጥቁር ነገር

ለክቡር አቶ ኸርሸል ቡን፣
የታልማጅ አውራጃ ዓመታዊ ትርኢት ቦርድ ሊቀ መንበር፣ የሞንስተር ትራክ ውድድር ደኅንነት መርማሪ፣ እንዲሁም ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ወርክሾፓችን ውስጥ የበሉት፣ ኮክ ሞልቼ የጋገርኩት ሦስት ቁራሽ ፓይ እንደተስማማዎት፣ ፍየሎችዎም ከበሉት ነገር በሰላም እንደተገላገሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

እርስዎ ቢያውቁኝም ይህን በትርኢቱ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ለሚያነቡ ሁሉ ስሜ ኦፓል ሬንፍሮ ነው፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት፣ በሙያዬም በያጅ ነኝ። ከባለቤቴ ከላይል ጋር ወርክሾፕ ባደረግነው አሮጌ የከብት በረታችን ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሞንስተር ትራክ፣ ማለትም በሕዝብ ፊት የምትዘል ባለ ግዙፍ ጎማ መኪና፣ ስንሠራ ቆይተናል። ጎማዎቿን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ አክስሏን፣ ከተጣለ የጦር ካሚዮን፣ ከእኔ ቁመት የሚስተካከሉትን ጎማዎቿን ከማዳበሪያ መበተኛ ማሽን አገኘን፤ ክብደቷ እንዲቀንስ የጎማዎቹን ጥርስ በጋለ ቢላ እየላጥን ሁለት ወር ተንበርክከናል። ስሟ «ክፉዋ አማት» ነው። ነገ ቅዳሜ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሕይወቴም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሕዝብ ፊት ልንዘል ነበር። እርስዎ ግን «አላለፈችም» ብለው ፈረሙባት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ሙያዊ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። እንደሚታወቀው እያንዳንዱ የውድድር መኪና የርቀት ማጥፊያ አለው፤ ነጂው ራሱን ቢስት ወይም የነዳጅ መርገጫው ተጣብቆ ቢቀር፣ ከሜዳው ዳር የቆመው መርማሪ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሞተሩን ያጠፋል። እኛ ይህችን ዕቃ የገጠምነው ገና ወንበር ሳይኖራት ነው፤ ምክንያቱም ከአጥሩ ሥር የሚቆመው የሰው ልጅ መሆኑን እናውቃለን። የማጥፊያዋን ሪሞት ከነካርቶኗ በክብር አስረከብኩዎት። እርስዎም በክብር ከፓዩ አጠገብ አስቀምጠው ማንኪያ አነሱ።

፪ኛ. ስለ ቆራጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሞተሯ እያጓራ ሳለ ከሸሚዝ ኪስዎ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር አውጥተው ሦስት ጊዜ ተጫኑ። መኪናችን አልቆመችም። «ኦፓል፣ አትድከሚ! የእህቴን ልጅ የኮልቢን መኪና ጠዋት በዚችው ነው የሞከርኳት፤ አንዴ ስነካት ቀጥ አለች። የበረት ሥራ ያው የበረት ሥራ ነው» አሉኝ።  ላይል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ፊቱን ማዞሩ በጀን።

፫ኛ. ዛሬ ጠዋት በቁርስ ቤቱ ለተሰበሰበው ሕዝብ «የሬንፍሮዎች የብየዳ ኤሌክትሪክ የጋራዤን በር አሳበደው፤ ፍየሎቼ ገብተው እዚያ ያስቀመጥኩትን የአሸናፊዎች የሽልማት ሪባን ፈጁት» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ፣ በሩስ አላበደም። በሩ በአውራጃችን ውስጥ ትእዛዝዎን በትክክል የፈጸመ ብቸኛው ነገር ነው። መጀመሪያ ሲጫኑ ተከፈተ፣ ሁለተኛ ሲጫኑ ተዘጋ፣ ሦስተኛ ሲጫኑ ተከፍቶ ቀረ፤ ላይል ከመንገዱ ወዲህ ቆሞ እያየ ነበር። ሞተራችንን ለማጥፋት የተጫኑት የራስዎን ጋራዥ በር ከርቀት መክፈቻ ነው። የእኛ ሪሞት ዛሬም ካርቶኗ ውስጥ፣ ከባዶው የፓይ ሳህን አጠገብ ተቀምጣለች።

አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳያይ የሌላውን የስድስት ዓመት ድካም በአንድ ፊርማ ሲሰርዝ፣ እኔ ይህን ስሕተት ብዬ አልጠራውም። ንቀት ነው። ንቀትዎንም በሙሉ ልቤ እመልስልዎታለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ይምጡና በትክክለኛዋ ሪሞት ይሞክሩን። ካልቆመች እኔው ራሴ በመዶሻ እፈታታታለሁ። ፓይ ግን የለም።

ለበርዎ ታዛዥነት፣ ለፍየሎችዎም የምግብ ፍላጎት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎ የተረፈኝን ያህል ትሕትና ይዤ እሰናበታለሁ፤

ኦፓል ሬንፍሮ
ከመንገዱ ወዲህ ማዶ

ከፈረምኩ በኋላ የመጣ ነገር፦ ይህን ልለጥፍ ስነሳ ላይል ክንዴን ያዘኝ። «ቆይ እስቲ፣ የእኛዋስ በበር መክፈቻ ስለተሞከረች አልቆመችም። የኮልቢዋ በምን ቆመች?» አለኝ። እኔም ቁጭ አልኩ። ለካ ኮልቢ መሪውን ይዞ ተቀምጦ አውራ ጣትዎን እያየ ነበር፤ እርስዎ ሲጫኑ ሞተሩን ያጠፋው በራሱ እጅ መሆን አለበት። እንግዲያው የእርሱ መኪና ማጥፊያ በማንም አልተሞከረም ማለት ነው። የእኛን ቦታ ከፈለጉ ይውሰዱት፤ ግን የእርሱንም እንደገና ይሞክሩት፤ ነገ ከአጥሩ ሥር ሦስት ሺህ ሰው ይቆማል። አልሞክርም ካሉና መኪናው ነገ ወደ አጥሩ ከመጣ፣ ያቺን ጥቁር ነገርዎን ይጫኑ። ቢያንስ ፍየሎቹ ይገባሉ።