ጂጂ ለዳኛዋ ያለችው

ይድረስ ለወንድሜ ዲሪርሳ፣

አካም ጅርታ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? እኛ ሰበታ ደህና ነን፣ ምስጋና ለፈጣሪ።

ልጅህ ጂጂ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ጨርሶ እሷን ለአንተ ከወሰነ ወዲህ ግን እህል እምቢ ብላለች። ሆዷን ይሆናል ብዬ ጤና አዳም አፍልቼ ሰጠኋት።

ትናንት ሹሩባ ስሠራት፣ «አክስቴ፣ ዳኛዋ ከማን ጋር መኖር እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ፣ እንዳስጠናሽኝ ‹ከአባቴ ጋር› አልኳቸው። ታዲያ እማዬ መቼ ነው ወደ ቤት የምትመለሰው?» አለችኝ።

ጸጉሯን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

ዛሬ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። እናትየው ካመለከተች ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ነገሩኝ። ነገ እናቷ ጋ ጫንጮ እሄዳለሁ፤ ጂጂንም ይዣት ነው። እባክህ አትቀየመኝ።

መንገድህን ሁሉ ሰላም ያድርግልህ።

እህትህ ገለቴ