የሐዘንተኛው ቦታ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1991

ወንድሜ ትዕዛዙ፣ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ሰው አልበዛበትም። የሞተሩ ቺንጋ ደጋግሞ ከመዘውሩ ወለቀ። አንተ ካልነካኸው እሺ አይልም እኮ። መቼ ነው የምትመጣው? አውቃለሁ… ግን ልጠይቅህ ብዬ ነው።

ከለቅሶህ ከተመለስን ወዲህ የፍኖተ ሰላም ሰው አያየንም። ወይስ አብዝቶ ነው የሚያየን?

መርዶህ የደረሰው ገበዝ ማርያም፣ የእማዬ አባት አያታችን ዘንድ ነው። እማዬ ከሞተች በኋላ ወደኛ በክረምት ብቻ እየመጣህ እዚያ ስላደግህ በሳቸው ስም ተማርክ፣ በሳቸው ስም ዘመትክ። ትዕዛዙ ደረሰ ተብለህ። አባባን ገና ከመኪና ሲወርድ የእማዬ ዘመዶች እጁን ያዙት። “ዑቅባይ፣ ዛሬ ከኋላ ተቀመጥ። እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ሁን። ጊዜው ላንተ ቢጤ ክፉ ነው።” ልጁ ከሻዕቢያ ጋር ሲዋጋ የወደቀ የአስመራ ሰው… ገባኝ። አባባም እሺ አለ። ከኋላ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀመጠ።

አልቃሿ “የደረሰ ልጅ፣ የደረሰ ጋሻ” ስትል ግን ተነሳ። በሰዉ መሃል አልፎ ከፊት፣ ከሐዘንተኛው ቦታ፣ ካያታችን ጎን ተቀመጠ። “ልጁ የኔ ነው” አለ። በዚያ ትግርኛ ቅላጼ ባለው አነጋገሩ።

ማን ማን እንደነበረ እያስታወስኩ ነው። አያ ሃይለ ሚካኤል ፊቱን አዞረ። የክርስትና አባትህ! ስንት ዘመን ወፍጮ ቤታችን እህል ሲመዝን የኖረ ሰው። ለምን አዞረ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 22

ቡሬ አንድ ልብስ ሰፊ ወሰዱ አሉ። በሰማንያ አምስት ለኤርትራ ነፃነት ድምፅ የሰጠ ሁሉ የውጭ ዜጋ ነው፣ አገሩ ይግባ፣ ተብሏል። ወሬው ይህ ነው።

አባባም ሰጥቷል። አዲስ አበባ የሞተር ዕቃ ሊገዛ ሄዶ። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ… አንተማ አትናገርም። ሌላው አብሮት የሄደው አያ ሃይለ ሚካኤል ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ካባባ ጋር የሚበላውን ምሳ ዛሬ ለምን ብቻውን በላ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 25

መምህርት እህተ ማርያም በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ማንም ሰው ዜግነቱን በዘፈቀደ አይነጠቅም። የዓለም መንግሥታት የተስማሙበት ነው አሉ።

ይታገሱ የሚባለው ልጅ ከኋላ፣ “ቲቸር፣ ሻዕቢያን ይጠይቁት፣ ይኸው እዚህ ተቀምጧል!”

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

“ዜጋ አይደለህም የተባለ ሰውስ?”

“እሱም ሰው ነው። አቤቱታው ሳይሰማ ማባረር አይገባም። በጅምላ ማባረርማ ፈጽሞ አይፈቀድም።”

“የሚሰማው ማነው?”

በሩን አዩ። “ጥያቄህን ያዘው” አሉኝ።

በሩን ለምን አዩ? ፈርተው? ወይስ ለሆነ ሰው ሊነግሩብኝ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 28

አያ ሃይለ ሚካኤል ከቀበሌ ሲወጣ አየሁት። ሲያየኝ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ በሌላ መንገድ ሄደ። በቃ… እሱ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 1

ልደታ ናት። ጎረቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ በላ። አምና ቡና ሳይፈላ በፊት ነበር የሚጠሩን። ዘንድሮ የጠራን የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 2

አባባ ቀበሌ ተጠርቶ ዋለ። ማታ ሲገባ አላስቻለኝም።

“አያ ሃይለ ሚካኤል ነው የነገረብህ!”

“ምኑን?”

“ድምፅ መስጠትህን።”

“እኔ ነኝ የነገርኳቸው።”

ውሃ ጠጣ። ቀስ ብሎ።

“ከለቅሶው እንደተመለስን ሄጄ፣ የሟቹ አባት ነኝ፣ ልጄ በስሜ ይጻፍልኝ አልኳቸው። ድምፅ ሰጥተሃል ወይ? አሉኝ። አዎ አልኩ። ያኔ የከለከለን አልነበረም።”

“ብትዋሽ ምን ነበረበት?”

“በዚህ ብዋሽ፣ ልጄ ነው ያልኩትን ማን ያምነኛል?”

አያ ሃይለ ሚካኤልስ? ዛሬ ላባባ እንደነገሩት፣ ከዚያ ወዲህ ቀበሌ የተመላለሰው ሊመሰክር ኖሯል። “ክርስትና ያነሳሁት እኔ፣ አባቱም ዑቅባይ” ብሎ። አንተም ተጠንቀቅ ብለው መለሱት። ይህን ላባባ መንገር አፍሮ ነው ብቻውን ሲበላ የከረመው። እኔ ደግሞ…

አባባ ላይ ተናደድኩ። ስም ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል? አንተ ንገረኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 6

ወሰዱት።

ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው እናቱ እኛ ዘንድ ነው የምታስፈጨው። ቀና ብሎ አላየንም። “ጋሽ ዑቅባይ፣ የሚለብሱትን ይያዙ።”

“ልጁስ?”

“ልጁ የናቱ ነው። ይቆያል።”

አንተ ያያታችን፣ እኔ የናቴ። ታዲያ አባባ የወለደው ማንን ነው?

አቤቱታ የሰማ የለም። ጭነት መኪና ላይ ከሌሎች ጋር አስቀመጡት። መኪናው ሊነሳ ሲል ጮኸ፦ “አምላኩ ልጄ! ቺንጋው ላልቷል፣ ሳታጠብቀው ሞተሩን እንዳታስነሳ!”

ማታ ካያታችን መልእክት መጣ። “እኔ ዘንድ ና። አምላኩ ደረሰ ተብለህ ትምህርትህን ትጨርሳለህ።” ክፋት የለባቸውም… አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 7

ቤቱን ለብቻዬ ከፈትኩት። ቁርስ አላሰኘኝም። ወፍጮ ቤት ስደርስ አያ ሃይለ ሚካኤል ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ይቅርታ ልለው አሰብኩ፣ አልወጣልኝም። “ና፣ ያዝልኝ” አልኩት። እሱ ያዘልኝ፣ እኔ ቺንጋውን አጠበቅሁ። ሞተሩ እምቢ እምቢ ብሎ ተነሳ።

ከወረፋው ፊት አንዲት የገጠር ሴት ነበሩ። የጤፍ ስልቻቸውን አወረዱ።

“አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?”

አያ ሃይለ ሚካኤል ሚዛኑን ትቶ አየኝ። ያያታችን ስም ምላሴ ላይ ነበር።

“የዑቅባይ ልጅ ነኝ። አምላኩ ዑቅባይ።”

ስልቻውን አንስተው የሚሄዱ መሰለኝ። ጎንበስ አሉና አፉን ፈቱት።

“በል እንዳባትህ ዱቄቱን አልመህ ፍጭልኝ።”

አልሜ ፈጨሁላቸው።